ነጠላው ያው፣ አለባበሱ ሌላ

የምኖረው የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ በሚነሳበት በቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን ሥራዬ የስልክ መተግበሪያዎችን ገጽታ መንደፍ ነው። ያለፈውን አንድ ዓመት ያሳለፍኩት ገንዘብ ለመላክና ቀጠሮ ለማስታወስ የሚያግዝ፣ በአማርኛ የሚያናግር ዲጂታል ረዳት ስሠራ ነው። የመጀመሪያው ረዳታችን ስክሪኑ እንደበራ እጇን እያወዛወዘች ሰላምታ የምትሰጥ ፈገግተኛ ወጣት ነበረች። ለሙከራ ከሰጠኋቸው ሰዎች አንዷ ከሕንፃችን ሥር ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ እማማ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ በግቢያችን በተተከለ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ፣ እማማ ለሐዘንተኞቹ የሚዋጣውን ገንዘብ ለመላክ ስልካቸውን አወጡ። ስክሪኑ በራ፤ ልጅቷም ጥርሷን ገልጣ እጇን ታወዛውዝ ጀመር። እማማ ደንግጠው የነጠላቸውን ጫፍ ስልኩ ላይ ጣል አደረጉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይቺ ልጅ ሰው ሞቶ ምን ያስቃታል?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ነጠላቸውን እንደ ሐዘን ወጉ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ነበር የለበሱት፤ በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደግሞ ያንኑ ነጠላ መስቀለኛ ለብሰውት አየሁ። ነጠላውም ያው፣ ለባሿም ያው ናቸው፤ የተለወጠው አለባበሱ ብቻ ሆኖ ሳለ ያያቸው ሁሉ ከየት እንደመጡ ሳይጠይቅ ያውቃል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ረዳታችን ገጽታ የማስበው በዚህ ነጠላ ነው።

ስህተቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማይክሮሶፍት ከኦፊስ 97 ጋር ያቀረበው፣ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ መልክ የነበረው ክሊፒ የተባለ የኮምፒውተር ስክሪን ረዳት፣ ተጠቃሚው ቢቸኩልም ሆነ ሥራውን ጠንቅቆ ቢያውቅ በዚያው ፊት ብቅ ይል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ኦፊስ ኤክስፒ ካልጠሩት እንዳይመጣ ተደረገ፣ በኦፊስ 2007 ደግሞ ከነጭራሹ ተወገደ። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣችው፣ በድምፅ የምታናግረው የአማዞን ረዳት አሌክሳ ግን ፊት እንኳ አልነበራትም፤ በመጀመሪያው ድምፅ ማጉያዋ አናት ላይ የነበረው የብርሃን ቀለበት ስታዳምጥ ሰማያዊ፣ ማይክሮፎኗ ሲዘጋ ቀይ ይሆን ነበር። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ይህን ያህል መናገሩ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ከለቅሶው በኋላ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ለጠዋት አንድ፣ ለማታ ሌላ፣ ለበዓል ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሦስተኛ ሴት ሣልኩ። አንዲት ተጠቃሚ ማታ ላይ የተለወጠውን ፊት ስታይ ሌላ ሰው ስልኳ ውስጥ የገባ መስሏት ገንዘብ መላኩን አቋረጠች፤ ደግሞም ልክ ነበረች፤ በገንዘብ ጉዳይ ፊቱን የሚለዋውጥ ማንም አይታመንም። ስለዚህ የማይለወጡትን ለየን፦ ስሟ፣ ድምፅዋና ከስክሪኑ ግርጌ የሚዘረጋ ቀጭን ባለቀለም መስመር፤ እርሱንም በመካከላችን «ጥለት» እንለዋለን። የሚለወጡት ድምቀቱ፣ የፊደሉ መጠን፣ እንቅስቃሴውና ምስሏ መታየት አለመታየቷ ናቸው። ቃሉም አብሮ መሄድ አለበት፤ ገጽታው ሰከን ብሎ ሳለ አፏ ትልቅ ሰውን «አንቺ» ካለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ስልክ ሁኔታን የሚያውቀው በጥቂት ነገር ነው፦ የብርሃን ሴንሰሩ ፀሐይና ጥላን ይለያል፣ የባትሪው መጠን ይታወቃል፣ ሰዓቱም አለ። ባትሪ ሲያልቅ ገጽታውን ማጥቆር እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ በሚበራበት ኦሌድ ስክሪን ላይ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ጥቁሩ ነጥብ ብርሃን አያወጣም፤ ከኋላው መብራት በሚበራለት ኤልሲዲ ግን ትርፉ እምብዛም ነው። ሰዓቱን በተመለከተ ያጋጠመን ግን ያሳፍረኛል። እማማ ሱቅ የሚከፍቱት 2 ሰዓት መሆኑን ሞልተው ነበር፤ ፕሮግራማችን በፈረንጅ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው 2 ሰዓት አድርጎ ስለወሰደው፣ ረዳቷ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በሙሉ ብርሃን ቦግ ብላ ቤተሰቡን ቀሰቀሰች።

ከሁሉ የከበደው ግን ሴንሰር የማይደርስበት ነገር ነው። ሴንሰሩ ድንኳን ውስጥ ጥላ መሆኑን ያውቃል፣ ለቅሶ መሆኑን አያውቅም። የሥራ ባልደረባዬ የተጠቃሚውን ቦታ እየተከታተልን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ሆስፒታል ስትደርስ እንድትለወጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ። ሰው የት እንደሚጸልይና የት እንደሚታከም መመዝገብ ለአንዲት ሥዕል ማማር ሲባል የሚከፈል ዋጋ አይደለም። በምትኩ ጥለቱን በጣት ወደ ላይ ሲስቡት ምስሏ ትሰወራለች፣ ድምፅዋም ይጠፋል፤ እስኪመልሷት ድረስ ጽሑፍና ጥለት ብቻ ይቀራሉ። ፕሮግራሙ በራሱ መገመት ሲኖርበትም፣ ባጠራጠረው ቁጥር ወደ ዝምታው እንዲያዘነብል አድርገነዋል፤ ያለቦታው የመጣ ፈገግታ ከቀረ ፈገግታ ይልቅ ይጎዳል።

እማማ ባለፈው ወር ሌላ ለቅሶ ላይ ሲጠቀሙበት አጠገባቸው ነበርኩ። በአውራ ጣታቸው ጥለቱን ወደ ላይ ሳቡት፣ ገንዘቡን ላኩ፣ ስልኩን መቀነታቸው ውስጥ መልሰው ወደ ሐዘንተኞቹ ዞሩ፤ እኔንም ቀና ብለው አላዩኝም።

አሁን የያዘኝ የልጅ ልጃቸው ነው። ማታ ማታ ያንኑ ስልክ ለትምህርቱ ይወስደዋል፣ ለአያቱ ዓይን የገዘፈው ፊደል ገጹን ሞልቶ ይጠብቀዋል፣ እርሱ ያሳንሰዋል፣ ጠዋት እማማ መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥለት ቀለም ሰጥቼ፣ ቀለሙን ሲነኩ ገጽታው እንዲለወጥ የሚያደርገውን ሙከራ በዚህ ሳምንት ስልኩ ላይ ጭኜላቸዋለሁ።