የጣርማ በር ዳገትና የድሮ ሞተሮች ድምፅ

ደብረ ሲና ላደገ ሰው የሞተር ድምፅ ማለት የዳገት ድምፅ ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ ፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ፣ ማለትም ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ስፍራ የሚወጣ የጭነት መኪና ሁሉ በከተማችን መካከል ያልፍ ስለነበር፣ መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡት እናቶች እንኳ መኪናው ገና ሳይታያቸው ዓይነቱን ይለዩት ነበር። ስለ ድሮ መኪናዎችና አውሮፕላኖች ሞተር የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የጩኸቱን ግርማ ነው። በእኔ አስተያየት ግን የሚማርከን ጩኸቱ አይደለም፤ ሞተሩ ከባድ ሥራ ላይ ሳለ፣ በተለይም አየር ሲያጥረው፣ የሚሠራውን አንድም ሳይደብቅ ማሰማቱ ነው።

የዚህ ዳገት ባለቤት ለብዙ ዓመታት ፊያት 682 ኤንትሬ የተባለው የጭነት መኪና ነበር። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተሰለፉበት፣ መጠኑ ከ10 ሊትር የሚበልጥ፣ ቱርቦ፣ ማለትም አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው። በእንዲህ ያለው ባለ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያቃጥል፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር በየሰከንዱ 75 ፍንዳታዎች ይፈጠራሉ፤ ይህም ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ወፍራም ድምፅ ነው። ሹፌሩ ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ድምፁ ለቅጽበት ይላላል፤ ማርሹ ገብቶ ሞተሩ ጭነቱን መልሶ ሲሸከም ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል። ተሳቢ የሚጎትት ከሆነ ይህ ሁሉ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም በማይበልጥ ፍጥነት ስለሚሆን፣ የሚያዳምጥ ሰው በቂ ጊዜ አለው።

ከፍታው የሚያደርገውን ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በ3,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አየር በራሱ ብቻ የሚስብ ሞተር ከአሰብ ሲነሣ የነበረው ጉልበት ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ከድቶታል። የድሮ የናፍጣ ፖምፓ ይህን አያውቅም፤ አየሩ ቢሳሳም ናፍጣውን እንደ ወትሮው ይሰጣል። ያልተቃጠለው ትርፍ በጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ድምፁም ይታፈናል፣ ይሻክራል። የጣርማ በርን ድምፅ ከሜዳ ድምፅ የሚለየው ይህ ነው።

ደብረ ብርሃን ጋራዥ የነበረው አጎቴ ይህን ድምፅ እንደ መሣሪያ ይጠቀምበት ነበር። ሞተሩን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይጨምርለት በዝግታ፣ ያስነሣና የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ መክደኛ) ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግፈዋል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ከሲሊንደር ወደ ሲሊንደር ይሄዳል። ባለቤቱ «ጋሼ፣ ምን ሆኖብኝ ነው?» ሲለው «ዝም በልና ልስማው» ነበር መልሱ፤ ቀጥሎም ቫልቭ ነው፣ ወይም ናፍጣ የሚረጨው አፍንጫ ነው ብሎ ይፈርዳል። ደንበኞቹ ብርድ የሚፈሩ የቮልስ ባለቤቶችም ነበሩ። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ስላለው በደብረ ብርሃን ውርጭ የሚረጋ ውኃ የለውም፤ ድምፁን የሚያፍን የውኃ ሽፋን ስለሌለውም ብረቱ ሲንኳኳ ሁሉ ይሰማል። (ውበት የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከነሱ አይደለሁም።)

የአውሮፕላን ሞተሮችን የማነሣው የነሱም ችግር ያው የኛ ዳገት ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው የሮልስ ሮይስ መርሊን 12 ሲሊንደሮች በሁለት ረድፍ በቪ ቅርጽ የተገጠሙበት የ27 ሊትር ሞተር ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 300 ፍንዳታዎች፣ ማለትም ከላይ ከጠቀስሁት የኤንትሬ ምት አራት እጥፍ፣ በእኩል ርቀት ይከታተላሉ፤ ድምፁ ዜማ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። ድምፅ የሚያፍን ማርሚታ የለውም፤ ጭሱ የሚወጣው ከሲሊንደሩ አጠገብ በተቆረጡ አጫጭር ቱቦዎች ነው። በላዩ ላይ የሚሰማው ቀጭን ፉጨት ደግሞ አየር አጭቆ የሚያስገባው ሱፐርቻርጀር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ባለ ሁለት ደረጃ ሱፐርቻርጀር የተገጠመለትን መርሊን ያገኘው በቀጭን አየር ውስጥ ጉልበቱ እንዳይከዳው ነበር። ይህ ሞተር ለኛም ሰማይ ባዕድ አይደለም፤ አገራችን ነጻ በወጣችበት ዘመቻ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ሐሪኬን ተዋጊ አውሮፕላኖች በመርሊን እየበረሩ በምሥራቅ አፍሪካ ተዋግተዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት ሲ-47 አውሮፕላን ሌላ ዓይነት ድምፅ ነበረው። እያንዳንዱ ሞተር እንደ ኮከብ ዙሪያውን የተደረደሩ 14 ሲሊንደሮች ሲኖሩት፣ በሁለት ረድፍ ሰባት ሰባት ሆነው ይቀመጣሉ። የየረድፉ ቁጥር ጎዶሎ መሆኑ በምክንያት ነው፤ ቃጠሎው አንዱን እየዘለለ፣ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ከዚያም ሁለት፣ አራት፣ ስድስት እያለ ሳይቋረጥ እንዲዞር ያስችላል። በዝግታ ሲዞር እንደሚያጉረመርም ሆኖ ይሰማል፤ ጉልበት ሲሰጠው ግን አንድ ወጥ ይሆናል። እሱም ቢሆን ሱፐርቻርጀር ባይኖረው ኖሮ ከደጋ ሜዳዎቻችን ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣቱ ይቸግረው ነበር።

አየር የማጠሩን ነገር በመጨረሻ የፈታው ቱርቦ ነው፤ ድምፁንም የወሰደብን እሱው ነው። ቱርቦ የሚዞረው ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል ስለሆነ፣ የፍንዳታውን ምት ከቱቦው ሳይወጣ በፊት ይበላዋል። ዛሬ ሲኖትራክ ያንኑ ዳገት በጣም ፈጥኖ ይወጣዋል፤ የሚሰማው ግን ፉጨትና የጎማ ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ወደ ቱርቦ ሲመለስም ተመልካቹ ድምፁ ጠፋ ብሎ ያጉረመረመው በዚሁ ምክንያት ነው። አንዳንድ አምራቾች ይህን ለመካስ የሞተር ድምፅ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ማጫወት ጀምረዋል፤ ይህን እንደ ቀልድ እንኳ አልወደውም፤ አጎቴ ካቻቢቴውን የት ላይ ያሳርፍ ነበር?

ቱርቦን ግን አልወቅስም። እነዚያ ኤንትሬዎች በጭሳቸው የከተማውን ሰው ሲያስሉ ኖረዋል፤ ሹፌሮቹም ዳገቱን ሲጨርሱ ጆሯቸው ይደነቁር ነበር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ከፍታው ጉልበታቸውን ስለማይነካው ዋሻውን ያለ ምንም ድምፅ ያልፋሉ። ይህ መልካም ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኤንትሬ ያላችሁ ወይም የምታውቁ ሰዎች ድምፁን በስልካችሁ ቅዱልኝ። ግቢ ውስጥ በባዶው አስነሥታችሁ የምትቀዱት አይጠቅመኝም። ጭነት ይኑረው፤ ከደብረ ሲና በላይ ካሉት ጠመዝማዛዎች አንዱ ላይ ቁሙ፤ ስልኩን ከነፋስ ከልሉት፤ ሹፌሩ ማርሽ የሚቀንስበትን ቦታ ጠይቃችሁ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ጠብቁ።