ገብስና ስንዴ በቦርዶ

የፈረንሳይዋ ቦርዶ የገባሁት በየካቲት መጀመሪያ ነው። የወይን አገር ሲባል ሰው የሚያስበው አረንጓዴ ቅጠልና የተንዠረገገ ዘለላ ነው። እኔን የጠበቀኝ ግን እርቃኑን የቀረ ጥቁር ግንድ ነው፤ ረድፍ በረድፍ፣ ዓይን እስከሚደርስበት። ያለ ጊዜዬ መጣሁ ብዬ ከፋኝ። በኋላ ግን ለያዝኩት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ወር እንደሌለ ገባኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የቦርዶ ቀይ ወይን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዝርያ ብቻ አይጠመቅም። ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎና ካበርኔ ፍራን ይቀላቀሉበታል። ጥቂት ፔቲ ቬርዶ ይጨመርበታል፤ አልፎ አልፎም ማልቤክ። ታዲያ አንዱ ጥሩ ከሆነ ለምን ብቻውን አይጠጣም? ቅልቅሉን እነሱ አሳምብላዥ ይሉታል። የሚወሰነውም መኸሩ ካለፈ ከወራት በኋላ፣ ልክ በዚህ ሰሞን፣ ብርዱ ሳይወጣ ነው።

ከፓሪስ ሞንፓርናስ የተነሳው ፈጣን ባቡር በሁለት ሰዓት ገደማ ጉዞ አደረሰኝ። በጋሮን ወንዝ ዳር የተደረደሩት የድንጋይ ሕንፃዎች ያምራሉ። ግን ያቆማቸው የወይን ገንዘብ ብቻ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቦርዶ በባሪያ ንግድና በቅኝ ግዛት ስኳር የከበረች ወደብ ነበረች። ይህን እያወቅሁ ነው የተራመድኩባት፤ ሳልጽፈው ማለፍም አልፈልግም።

በማግስቱ ወደ ሳንት ኤሚሊዮን ሄድኩ። እዚያ ከመሬት በታች ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ። ላሊበላን ያየ ሰው ደረጃውን ሲወርድ እግሩ ይቀዘቅዛል። የእኔም እንደዚያው ሆነ፤ ጥቂት ቆሜ አማተብኩና ወጣሁ። ውጭ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃው ጫማዬ ላይ ተለጠፈ፤ እንደ መረሬ። ሸክላና የኖራ ድንጋይ የበዛበት አፈር ነው። እንዲህ ያለው አፈር ቀዝቃዛ ነው፤ እርጥበትም ይይዛል። ቶሎ የሚበስለው ሜርሎ ይስማማዋል። ስለዚህ በዚህ በዶርዶኝ ወንዝ ቀኝ በኩል ገዢው ሜርሎ ነው።

ሜዶክ ግን ሌላ አገር ነው። ከከተማው ወደ ሰሜን፣ ጋሮንና ዶርዶኝ ተገናኝተው ወደ ባሕር በሚወርዱበት በዢሮንድ ግራ ዳርቻ፣ ምድሩ ሁሉ ጠጠር ነው። ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ ዘገንኩ፤ የርግብ እንቁላል የሚያክሉ፣ ውሃ ያለሰለሳቸው ድንጋዮች ናቸው። ጠጠሩ ውሃ አይቋጥርም፤ ቀን ፀሐይ የሰጠችውን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን የሚፈልገው ይህንን ነው። ድሮ አብዛኛው ረግረግ ነበር፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ መሐንዲሶች ቦይ ቆፍረው አጠፈፉት። እ.ኤ.አ. በ1855 በወጣው የታወቀ የወይን ደረጃ ዝርዝር ውስጥ የገቡት ስመ ጥር ሻቶዎችም (የወይን እርሻ ቤቶች) በብዛት እዚሁ ናቸው። በትልልቅ በሮቻቸው አጠገብ አልፌ ወደ አንድ ትንሽ የቤተሰብ እርሻ ሄድኩ።

ባለቤቱ ስልሳን የዘለሉ ሰው ናቸው። ባዶ እጅ አይኬድምና ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ሪፍት ቫሊ ሜርሎ ሰጠኋቸው። የዝዋይ ወይን ነው፤ የሚጠምቀው ካስቴልም መነሻው እዚሁ ቦርዶ ነው። ጠርሙሱን አገላብጠው አዩትና በጥንቃቄ መስኮቱ ላይ አኖሩት።

ወደ ጎተራው ገባን። ባለ 225 ሊትር በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ቤቱ እርጥብ እንጨትና የጠጅ ቤት ሽታ ይሸታል። በረጅም የመስታወት ቱቦ ከአንዱ በርሜል ቀዱልኝ። ሜርሎ። ለስላሳ ነው፤ የበሰለ ፕሪም ይመስላል። ደስ ይላል፤ ግን ምላስ ላይ ሳይቆይ ይሄዳል። ቀጥሎ ካበርኔ ሶቪኞን። እንደ ጥሬ ሙዝ አፌን ያዘኝ። ሽንኩርቱ ሳይቁላላ የተጨመረ በርበሬ ነው ትዝ ያለኝ፤ ኃይል አለው፣ ማረፊያ ግን የለውም። ፔቲ ቬርዶው እንደ ቀለም የጠቆረ ነው፤ አንድ ጉንጭ በቃኝ።

ከዚያ መለኪያ ብርጭቆ አመጡ። ከካበርኔው ስድሳ፣ ከሜርሎው ሠላሳ አምስት፣ ከፔቲ ቬርዶው አምስት እጅ።

“አሁን ቅመሺው።”

ያ አፌን የያዘው ካበርኔ አሁን ከሥር ተኝቶ ሜርሎውን ደግፎታል። ቶሎ የጠፋው ሜርሎም አልጠፋም። ከሦስቱ አንዱም ብቻውን ያልነበረው ርዝመት መጣ። ዝም ብዬ ቆየሁ።

“ለጣዕም ነው የተጀመረው?” ስል ጠየቅኋቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። “መጀመሪያ ፍርሃት ነበር” አሉኝ። ሜርሎ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ የጸደይ ውርጭ ያገኘዋል። በሚያዝያ 2017 እ.ኤ.አ. በአንድ ሌሊት ብዙ እርሻ ተቃጥሏል፤ እሳቸውም በዚያ ዓመት ከሜርሎው ግማሹን አጥተዋል። ካበርኔ ደግሞ ዘግይቶ ስለሚበስል የመከር ዝናብ ይደርስበታል። ሁለቱንም የተከለ ሰው ግን በአንዱ ቢያጣ በሌላው ይተርፋል። እዚህ ሰማዩ በየዓመቱ ጠባዩን ይለውጣል፤ ቅልቅሉም አብሮ ይለወጣል።

ይህን ሲሉኝ ወንድ አያቴ ፊቴ ድቅን አሉ። ወሎ ደጋ ላይ ገብስና ስንዴ ቀላቅለው ነበር የሚዘሩት። ዝናቡ ቶሎ ከወጣ ገብሱ ይደርሳል፤ ከዘለቀ ስንዴው ይሰጣል። አንድ ላይ ታጭዶ፣ አንድ ላይ ተወቅቶ፣ አንድ ላይ ይፈጫል። እንጀራውንም ሆነ ዳቦውን ሰው ወዶ ነው የሚበላው። አዲስ አበባ የተማርኩት ፈረንሳይኛ አልከዳኝም፤ ነገርኳቸው። አስደገሙኝ። ከዚያ ቀስ ብለው “ገብስ፣ ስንዴ” አሉ በአማርኛ።

ለምሳ ስንወጣ አጥር ተሻግሮ ያለውን ማሳ አየሁት። ግንዶቹ ተነቅለው፣ ሥራቸው ወደ ላይ ሆኖ ተከምረዋል። የጎረቤታቸው ነው። ፈረንሳዮች እንደ ድሮው ቀይ ወይን አይጠጡም፤ ዋጋውም ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ2023 መንግሥት ወደ 9,500 ሄክታር የሚጠጋ የቦርዶ ወይን እንዲነቀል ድጎማ መደበ። ስለ ታላላቆቹ ሻቶዎች ሲወራ ይህ አይነሳም፤ መነሳት አለበት። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2021 ሙቀት ይችላሉ የተባሉ አዳዲስ ዝርያዎች በሙከራ ተፈቅደዋል። ከእነሱ አንዱ ቱሪጋ ናሲዮናል ከፖርቱጋል የመጣ ነው። ከቅልቅሉ ግን ከ10 በመቶ ማለፍ አይፈቀድለትም። ድሮ ደግሞ ካርሜኔር የሚባል ዝርያ ነበር፤ ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ ከመጣ በኋላ ከዚህ ሊጠፋ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1994 ቺሊ ውስጥ ሜርሎ ተብሎ ሲኖር ተገኘ።

ሥጋው የተጠበሰው በተገረዘው የወይን ጭራሮ ነው። ጭሱ ቀጭንና ጣፋጭ ነው፤ ልብሴ ላይ ሁለት ቀን ቆየ። ሰውየው ገብተው ከመስኮቱ ላይ የዝዋዩን ጠርሙስ አመጡና ቡሹን ነቀሉ። አሸተቱ። ቀመሱ።

“ፀሐይ የጠገበ ነው” አሉ።

ያቺኑ መለኪያ አምጥተው እስከ ግማሽ ሞሉት። ከዚያ ወደ ጎተራው ሄደው ከራሳቸው ካበርኔ ጥቂት ቀዱበት። መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ፤ ቀጥሎ እሳቸው ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ።

“ጥቂት ካበርኔ ይቀረዋል” አሉና ወደ በርሜሉ ተመለሱ።