አንዲት ደቂቃ ስንት ሜትር ናት? የሴቶችን የ15 ኪሎ ሜትር ባያትሎን ማንበብ ስለማመድ

የጠዋት ሩጫ ጓደኞቼ፣ እንዴት ከረማችሁ። ባያትሎን ላይ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ ቃል ገብቼ ነበርና ይኸው። ስለ ስፖርቱ በሙሉ ሳይሆን ስለ አንድ ውድድር ብቻ ነው የምጽፈው፤ በትልልቆቹ የክረምት ውድድሮች ላይ ሴቶች ስለሚወዳደሩበት የ15 ኪሎ ሜትር የግል ውድድር። ከሁሉም ልቤን የያዘው እሱ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገር። ባያትሎን በረዶ ላይ በስኪ መሮጥንና ዒላማ መምታትን ያጣመረ ስፖርት ነው። በግል ውድድሩ ሴቶቹ በ30 ሴኮንድ ልዩነት አንድ በአንድ ይነሣሉ። ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ዙር አምስት ጊዜ ይዞራሉ፤ በየመካከሉ ወደ ተኩስ ሜዳው ይገባሉ። መጀመሪያ ተኝተው፣ ቀጥሎ ቆመው፣ እንደገና ተኝተው፣ በመጨረሻም ቆመው ይተኩሳሉ። በየጊዜው አምስት ጥይት፣ በድምሩ 20 መሆኑ ነው። ዒላማው 50 ሜትር ላይ ነው፤ ተኝተው ሲተኩሱ 45 ሚሊ ሜትር፣ ቆመው ሲተኩሱ 115 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ጠመንጃው ከ3.5 ኪሎ መቅለል የለበትም፣ አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር አይገጠምለትም፣ አሥራ አምስቱንም ኪሎ ሜትር ጀርባ ላይ ታዝሎ ይሄዳል።

ዋናው ነገር ቅጣቱ ነው። በስፕሪንት፣ ማለትም በአጭሩ የባያትሎን የፍጥነት ውድድር፣ የሳተች ሴት ለእያንዳንዱ ስት 150 ሜትር የቅጣት ዙር ትዞራለች። በግል ውድድሩ ግን የምትዞረው ነገር የለም፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሰዓቷ ላይ ይደመራል። ባያትሎን መጀመሪያ ኦሊምፒክ ሲገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ቅጣቱ ከዚህም የከበደ ሁለት ደቂቃ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ያን ጊዜ የሚወዳደሩት ወንዶች ብቻ ሲሆኑ፣ ያሸነፈው ስዊድናዊው ክላስ ሌስታንደር 20ውንም መቶ ነው። ሴቶች ኦሊምፒክ ላይ እስኪሰለፉ ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ1992 አልበርትቪል ላይ የመጀመሪያውን የ15 ኪሎ ሜትር ወርቅ ጀርመናዊቷ አንትየ ሚዘርስኪ ወሰደች። በ1998 ናጋኖ ላይ ደግሞ ኤካተሪና ዳፎቭስካ አሸንፋ ለቡልጋሪያ የመጀመሪያውን የክረምት ኦሊምፒክ ወርቅ አመጣች።

አሁን ወደ ደብተሬ ልግባ። በዚህ ውድድር መጀመሪያ የገባች ሴት አሸናፊ ላትሆን ትችላለች። ገና ተራዋን ጠብቃ የተነሣች ሌላ ሴት ከኋላ እየመጣች ነው፤ አንዷ ዳገት ላይ፣ ሌላዋ የተኩስ ሜዳው ምንጣፍ ላይ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ጨርሳ ቆማ እየጠበቀች ነው። በዓይን ብቻ ሲያዩት ግራ ያጋባል። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ተወዳዳሪ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፤ የመጨረሻ ሰዓቷን፣ የሳተቻቸውን ጥይቶች፣ ከዚያም የቅጣቱ ደቂቃ ሲቀነስ የሚቀረውን። የመጨረሻውን የተጣራ ሰዓት እለዋለሁ። ሩጫዋና የተኩስ ሜዳ ቆይታዋ ንጹሕ ሆነው የሚታዩት እዚያ ላይ ነው።

እስቲ የ2018ቱን ፒዮንግቻንግ እንመልከት። ስዊድናዊቷ ሃና ኦበርግ 20ውንም መታ በ41 ደቂቃ ከ7.2 ሴኮንድ ወርቁን ወሰደች። ሁለተኛዋ የስሎቫኪያዋ አናስታሲያ ኩዝሚና ሁለት ጥይት ስታ በ24.7 ሴኮንድ ዘግይታ ጨረሰች። ሦስተኛዋ ጀርመናዊቷ ላውራ ዳልማየር አንድ ስታ በ41.2 ሴኮንድ ዘገየች። ቅጣቱን ቀንሱት። ኩዝሚና በተጣራ ሰዓት ከኦበርግ በ95.3 ሴኮንድ ትፈጥናለች! ዳልማየርም በ18.8 ሴኮንድ ትቀድማለች። ከሦስቱ ሜዳልያ ወሳጆች በተጣራ ሰዓት የመጨረሻዋ ኦበርግ ነበረች፤ ወርቁ ግን የእሷ ሆነ። ኩዝሚና ከሁለቱ አንዱን ብትመታ ኖሮ በ35.3 ሴኮንድ ታሸንፍ ነበር።

በ2022ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክም እንዲሁ ነው። ጀርመናዊቷ ዴኒዝ ሄርማን አንድ ስታ በ44 ደቂቃ ከ12.7 ሴኮንድ አሸነፈች። ፈረንሳዊቷ አናይስ ሼቫልየ ቡሼ እሷም አንድ ስታ 9.4 ሴኮንድ ዘገየች። ኖርዌያዊቷ ማርተ ኦልስቡ ሮይሴላንድ ሁለት ስታ በ15.3 ሴኮንድ ልዩነት ሦስተኛ ሆነች። በተጣራ ሰዓት ግን ሮይሴላንድ ከሄርማን በ44.7 ሴኮንድ ትቀድማለች። ሄርማን ራሷ ከክሮስ ካንትሪ ስኪ፣ ተኩስ ከሌለበት የረጅም ርቀት የስኪ ሩጫ፣ የመጣች ሯጭ ናት፤ በ2014 ሶቺ ላይ በዱላ ቅብብል ነሐስ አላት። እንዲህ ዓይነቷ ሯጭ በተጣራ ሰዓት ተበልጣ በጥይት ስታሸንፍ ማየት ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው።

ታዲያ «መተኮስ ብቻ ይበቃል» እንዳትሉ ሶቺን ተመልከቱ። ቤላሩሳዊቷ ዳርያ ዶምራቼቫ አንድ ስታ በ43 ደቂቃ ከ19.6 ሴኮንድ ጨረሰች። ስዊዘርላንዳዊቷ ዜሊና ጋስፓሪን አንድም ሳትስት ብር ብታገኝም በ1 ደቂቃ ከ15.7 ሴኮንድ ተበልጣ ነው። የነሐሷ ናዴዥዳ ስካርዲኖም አንድም አልሳተችም። ዶምራቼቫ በተጣራ ሰዓት ጋስፓሪንን በ2 ደቂቃ ከ15.7 ሴኮንድ ትቀድማለች ማለት ነው፤ ሁለተኛ ጥይት ብትስት እንኳ በ15.7 ሴኮንድ ወርቁ የእሷ ነበር። ይህን ቀን ሳሰላው ብዙ ቆየሁበት። ያን ያህል የሰፋ የተጣራ ሰዓት ልዩነት በዚህ ደረጃ የሚገኝ አይመስለኝም ነበር።

አንዲት ደቂቃ ስንት ሜትር እንደሆነችም አስልቻለሁ። የሄርማንን የተጣራ 43 ደቂቃ ከ12.7 ሴኮንድ ለ15 ብናካፍለው፣ ተኩሱም ተጨምሮ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 173 ሴኮንድ ገደማ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ደቂቃ ወደ 350 ሜትር ያህል ነው። አንድ ጥይት የሳተች ሴት 350 ሜትር ወደ ኋላ ተመለሰች እንደማለት ነው፤ ከስፕሪንቱ 150 ሜትር ዙር ከእጥፍ በላይ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጣው አጭሩ የግል ውድድር፣ ለሴቶች 12.5 ኪሎ ሜትር የሆነው፣ ቅጣቱን ወደ 45 ሴኮንድ ዝቅ አድርጎታል። እኔ ግን ረጅሙን እወዳለሁ፤ ደቂቃው ሙሉ ሲሆን ሯጯ ከምንጣፉ በፊት የምትወስነው ውሳኔ ይከብዳል።

ይህ ውሳኔ ነው ከደብተር አውጥቶ ወደ ግቢ ያስገባኝ። ሴቶቹ ወደ ተኩስ ሜዳ ሲቃረቡ ለምን ረገብ እንደሚሉ በሰውነቴ ማወቅ ፈለግሁ። በረዶም ጠመንጃም የለንም። ያለን ዳገት ነው፣ እሱ ደግሞ በጎንደር ሞልቷል።

ከታናሽ እህቴ ጋር የሠራነው እንዲህ ነው። አንድ ቀጥ ያለ ጣውላ ወስደን ጫፉ ላይ አስተማሪዎች ሰሌዳ ለማመልከት የሚይዙትን ሌዘር በፕላስተር አሰርን። ከኋላና ከፊት አንዳንድ ሮንዴላ አቆምን፤ በቀዳዳው ውስጥ አሻግሮ ለማለም። አሸዋ የሞላ ሃይላንድ ከሥሩ አስረን ሰፈራችን ካለው ሱቅ ሚዛን ላይ 3.5 ኪሎ እስኪሞላ አስተካከልነው። ቅርጹን ሆን ብለን ጠመንጃ እንዳይመስል አድርገነዋል፤ በዚህ ጊዜ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዞ መንደር ውስጥ መታየት ለራስም ለጎረቤትም ደግ አይደለም። ጣውላው ከግቢ አይወጣም፤ የምሮጠው ባዶ እጄን ነው። ሌዘሩን ደግሞ ልጆች ግቢ ውስጥ ካሉ አንነካውም፤ ዓይን ላይ ካረፈ አደጋ አለው።

ግድግዳው 10 ሜትር ላይ ነው። 50 ሜትሩ ለአምስት ሲካፈል ዒላማውም ለአምስት ይካፈላል፤ የቆማው 23 ሚሊ ሜትር፣ የተኝታው 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በኮምፓስ ሥላችሁ ተመልከቱት፤ ሁለተኛው ሽምብራ ያክላል። የሌዘሩን ቁልፍ እንደ ቃታ ለቅጽበት ብቻ እጫናለሁ፤ ነጥቡ የት እንዳረፈ እህቴ በስልክ ትቀርጻለች።

ከሰፈራችን የኮብልስቶን ዳገት ወጥቼ፣ ወርጄ፣ እንደገና ወጥቼ በቀጥታ ግቢ እገባለሁ። ቆሜ ስተኩስ የሚያስቸግረኝ እግሬ ነው፤ ጭኔ ይንቀጠቀጣል፣ ነጥቡም ግራና ቀኝ ይዋልላል። ክርኔን ወገቤ ላይ አስደግፌ ክብደቱን አጥንቴ ላይ ስጥለው ይሻላል። ተኝቼ ስተኩስ ግን ሌላ ነገር አየሁ። እውነተኞቹ ተወዳዳሪዎች ተኝተው ሲተኩሱ ጠመንጃውን ከላይኛው ክንዳቸው ጋር በማንገቻ ያስሩታል። እኔም የእናቴን መቀነት ከጣውላው አስሬ ክንዴ ላይ አጠለቅሁና ሰሌን ላይ ተኛሁ። ሌዘሩን ሳላጠፋ ይዤ ሳየው ነጥቡ ግድግዳው ላይ ከልቤ ምት ጋር እኩል ይዘላል! ምቱ በክንዴ ሥር አልፎ በመቀነቱ በኩል ጣውላውን ይነካዋል። ሽምብራ በሚያክል ክብ ውስጥ ያ ዝላይ ብዙ ነው። ስለዚህ ተኝታ የምትተኩስ ሴት በሁለት ምት መካከል ያለችውን ጸጥታ ትጠብቃለች፤ ጥሩዎቹ ደግሞ ይህን እያደረጉ አምስቱን ጥይት ከ30 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳሉ።

ስለ ትንፋሹ ያስተካከሉኝ ጎረቤታችን አባባ ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ዒላማ የማይስቱ እንደነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። አጥር ላይ ቆመው ሲመለከቱኝ ቆዩና «ልጄ፣ የምትንቀጠቀጠው እጅሽ አይደለችም፣ ትንፋሽሽ ናት። አስወጪው፣ ከግማሽ በታች ሲደርስ ያዢው፣ ከዚያ ቃታውን ሳብ አድርጊ እንጂ አትንጪው» አሉኝ። ስኪ አይተው አያውቁም፤ የተናገሩት ግን ባያትሎን ተኳሾች የሚያደርጉትን ነው። «አባባ፣ ዳገት ሮጠው መጥተውስ?» ብላቸው «እሱንማ ቀስ ብለሽ ግቢ» አሉ።

ቀስ ብዬ መግባቱን ሞከርኩት። ከግቢያችን በር በፊት ያለችውን የመጨረሻ ዳገት እንደ ሩጫ ሳይሆን እንደ እርምጃ ስይዛት የማጣው ከአሥር ሴኮንድ አይበልጥም። በምላሹ ቆሜ የምመታው በግልጽ ይጨምራል። አሥር ሴኮንድ ከፍሎ ስድሳ ማትረፍ በግል ውድድሩ ስሌት ሁልጊዜ ያዋጣል። በስፕሪንት ግን አንድ የቅጣት ዙር ለፈጣኖቹ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ስለሚወስድ ትርፉ ይቀንሳል፤ እዚያ ደፋር ሯጭ ፍጥነቷን ይዛ ብትገባ አልፈርድባትም። ያንኑ ሴት በሁለቱ ውድድሮች ላይ ብታወዳድሯት አገባቧ የሚለየው ለዚህ ይመስለኛል።

ከፍታችንንም አትርሱ። የ2026ቱ የሚላኖና ኮርቲና ኦሊምፒክ ባያትሎን የተካሄደበት አንትሆልዝ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያም ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም እየተባለ ይወራል። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነን። ይህ ለሩጫችን ጸጋ ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክሮስ ካንትሪ ስኪ መወዳደሩን ሳስብ፣ አንድ ቀን የእኛ ሴት ልጅ ጠመንጃውን አዝላ ስትነሣ ማየት እመኛለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው።

በሌዘር የማይገኝ አንድ ትልቅ ነገር ነፋስ ነው። ብርሃንን ነፋስ አይገፋውም፣ ጥይትን ግን ይገፋዋል። የ2018ቱ ውድድር ራሱ በነፋስ ምክንያት አንድ ቀን ተላልፏል። ተኩስ ሜዳው ላይ ትንንሽ ባንዲራዎች አሉ፤ ሴቶቹ ከመተኛታቸው በፊት እነሱን ተመልክተው ማነጣጠሪያቸውን ያስተካክላሉ። ስለዚህ አሁን የድሮ ውድድር ምስል ሳይ ዓይኔ ከተወዳዳሪዋ ይልቅ ባንዲራው ላይ ነው። ባንዲራው ሲገለበጥ አንዷ ጠብቃ ሌላዋ ተኩሳ የሆነውን በደብተሬ አራተኛ ዓምድ ላይ መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ ገና ብዙ አልተሞላም።

እስካሁን የምሠራው ሁለት ዙር ተኩስ ነበር። የሚቀጥለው ሙሉ አራቱን ነው፤ ተኝታ፣ ቆማ፣ ተኝታ፣ ቆማ፣ በመካከላቸው ዳገቱ፣ ለእያንዳንዱ ስትም ደቂቃው ተደምሮ። ለዚህ እህቴ ብቻዋን አትበቃም። ቅዳሜ ጠዋት ከሩጫ በኋላ ሰዓት የሚይዝልኝ አንድ ሰው፣ ግድግዳው ጋ ቆሞ የሚመዘግብ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። መሞከር የምትፈልጉም ኑ፤ ሰሌኑና መቀነቱ አለ፣ ጣውላውን በየተራ እንይዛለን። ከአዘዞና ከማራኪ በኩል የምትመጡትም ጭምር ስማችሁን እስከ ሐሙስ ንገሩኝ፣ የመነሻ ተራውን በ30 ሴኮንድ ልዩነት አወጣለሁ።