ቀን መቁጠር ያቆምኩበት ሌሊት

ይሄን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈርቻለሁ፣ ግን አሁን የሆነ ቦታ በር ቆልፎ ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ የመጨረሻዬ ነው» የሚል ሰው እንዳለ ስለማውቅ ልጻፈው። እኔ ለአራት አመት እንደዛ ስል ነበር። የኔ ኃጢአት ቁማር ነው፣ በስልክ የሚቆረጠው የኳስ ቤቲንግ። የናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ሽሽቱ ግን አንድ አይነት ይመስለኛል።

ጌታን የተቀበልኩት በ19 አመቴ ነው። ያኔ ኃጢአቴ ይቅር መባሉን ከልቤ አምኛለሁ፣ አልቅሻለሁም። ችግሬ ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ ጸጋ መግቢያ በር ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ከገባህ በኋላ ያለው ያንተ ጉዳይ ነው ብሎ ማንም አላስተማረኝም ግን የምኖረው እንደዛ ነበር። ስለዚህ ስወድቅ እምላለሁ፣ አፑን አጠፋለሁ፣ ከዛ ስልኬ ካላንደር ላይ ምልክት እያደረግኩ ቀን እቆጥራለሁ። ሰባት፣ አስራ አራት፣ ሃያ... አንዴ 41 ደርሻለሁ። በ42ኛው ቀን አፑን መልሼ ጫንኩት።

ከወደቅኩ በኋላ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ አልከፍትም፣ አልጸልይም። «ትንሽ ልጽዳና እመለሳለሁ» እላለሁ፣ ሁለት ሳምንት፣ ሶስት ሳምንት። ህብረት ላይ እዘምራለሁ ግን አፌ ብቻ ነው። አሁን ሳስበው የበላኝ ውድቀቱ ብቻ አልነበረም፣ ከውድቀቱ በኋላ ያለው መደበቅ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ብቻውን ሆኖ ሲያፍር የሚያስረሳውን ነገር ነው የሚፈልገው፣ እኔን የሚያስረሳኝ ደግሞ ያው ቁማሩ ነበር።

አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ባለቤቴ እንዳትሰማ ቧንቧ ከፍቼ ሻወር ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ለልጃችን ትምህርት ቤት ያስቀመጥነውን ገንዘብ ጨረስኩት። የመጨረሻው ጨዋታ ባከነ ሰዓት ላይ ጎል ገባና ተበላሁ። እንደ ልማዴ አፑን ላጠፋ ጣቴን ስጫነው ከጎኑ የመጽሐፍ ቅዱሱ አፕ አለ፣ ለምን እንደከፈትኩት እስካሁን አላውቅም። ከሳምንታት በፊት ያቆምኩበት ቦታ ላይ ነው የከፈተልኝ፣ ሮሜ 6።

«ኃጢአት አይገዛችሁምና፤ ከጸጋ በታች እንጂ ከሕግ በታች አይደላችሁምና።» ቁጥር 14። በቃሌ የማውቀው ጥቅስ ነው። የዛን ሌሊት ግን መጨረሻ ላይ ያለችው «ና» አስቆመችኝ። ምክንያት ናት እኮ! እኔ ገልብጬ ነበር የኖርኩት፣ መጀመሪያ ኃጢአት እንዳይገዛኝ አደርጋለሁ ከዛ ጸጋው ስር እገባለሁ ብዬ፣ ጳውሎስ ደግሞ ኃጢአት የማይገዛችሁ ጸጋው ስር ስላላችሁ ነው ይላል። ወደ ላይ ስመለስ ቁጥር 11 ላይ ለኃጢአት እንደሞታችሁ፣ በክርስቶስ ኢየሱስ ደግሞ ሕያዋን እንደሆናችሁ «ራሳችሁን ቁጠሩ» ይላል። እኔ ስቆጥር የኖርኩት ቀን ነው። ቁጠር የተባልኩት ግን ክርስቶስ ያደረገልኝን ነበር፣ ያ ደግሞ በ42ኛው ቀን አይፈርስም።

እዛው ጸለይኩ፣ ገንዘቡ እንደጠፋ፣ ላቤ ሳይደርቅ፣ ምንም ሳልምል። ሉቃስ 15 ላይ ያለው የጠፋው ልጅ ለአባቱ የሚለውን መንገድ ሳይጀምር አዘጋጅቶ ነበር፣ መጨረሻው «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» ነው፣ እንደ ቅጥር ሰራተኛህ ቁጠረኝ ማለቱ ነው። ቁጥር 19ን ከ21 ጋር አስተያዩት፣ አባቱ አቅፎ ሲስመው ልጁ ያቺን አልደገማትም። የኔ መሃላ ያቺ ነበረች፣ ሰርቼ ልክፈል የምትለዋ፣ የዛን ሌሊት እኔም ሳልላት ቀረሁ። ብርሃን አላየሁም፣ የተለየ ስሜትም አልነበረም። ብቻ በወደቅኩበት ሌሊት ወደ ጌታ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር።

ለባለቤቴ ለመናገር ሶስት ቀን ፈጀብኝ። ልጁ ከተኛ በኋላ የሂሳቡን ዝርዝር አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላት። ጣቷን መስመሩ ላይ እየጎተተች አንድ በአንድ አነበበችው፣ ከዛ አንዱ ቀን ላይ ቆመችና «ይሄ እኔ ታምሜ የተኛሁበት ቀን ነው» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

እባካችሁ እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ «ጌታ ይቅር ብሎኛል» ብላችሁ የበደላችሁትን ሰው አታስቸኩሉ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እንኳንም ዋጥኩት። ሉቃስ 19 ላይ ቀራጩ ዘኬዎስ ከሰው የበላውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ኢየሱስ እቤቱ ሊውል መርጦት፣ እሱም ኢየሱስን በደስታ ከተቀበለው በኋላ ነው፣ መመለሱ የመግቢያ ክፍያ አልነበረም፣ ግን ጸጋው ኪሱ ድረስ ገብቷል። እኔም ካርዶቼንና የሂሳቤን ፓስወርድ ለሷ ሰጠሁ፣ የጠፋውንም ከደሞዜ በየወሩ መተካት ጀመርኩ። እሷ እስክታምነኝ መጠበቅ የኔ ድርሻ ነው፣ ከሷ የምጠይቀው እዳ አይደለም።

ከሁለት ወር በኋላ ደግሜ ወደቅኩ። ይሄን የማልደብቀው ምስክርነት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ይቺ ክፍል ስለምትዘለል ነው፣ እኔም ድሮ እንደዛ አይነት ምስክርነት እሰማና «እኔማ አልዳንኩም» እል ነበር። በሰዓቱ ውስጥ ለአንድ ወንድም ደወልኩ። «የት ነህ? እዛው ጠብቀኝ» አለና መጣ። አልመከረኝም፣ አልገሰጸኝም፣ አጠገቤ ተቀምጦ 1ኛ ዮሐንስ 1፥9ን፣ ብንናዘዝ ኃጢአታችንን ይቅር ይለናል የሚለውን፣ ጮክ ብሎ አነበበልኝና «ማታ ለባለቤትህ ትነግራታለህ» አለኝ። ነገርኳት። አዘነች፣ ግን ከኔ አፍ ነው የሰማችው። በማግስቱ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሴን ከፈትኩ፣ በፊት ሶስት ሳምንት የሚወስድብኝ አንድ ሌሊት ወሰደ። ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ የሚለው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፣ ቁማሩ የሚኖረው ማንም እስካላወቀ ድረስ ነበር።

አማካሪም ጋር ሄጃለሁ። ቁማር በህክምናው ራሱ እንደ ሱስ የሚታይ ነገር ነው፣ መቼና የት እንደሚነሳብኝ እንድጽፍ አደረገኝ፣ ደሞዝ የገባ ቀንና ከባለቤቴ ጋር የተኮራረፍንበት ማታ ሆኖ አገኘሁት። እርዳታ መፈለግ እምነት ማነስ ነው የሚላችሁን አትስሙ።

ጸጋ ልቅ አያደርግም ወይ የሚለውን ጥያቄ እኔም እፈራው ነበር። ጳውሎስም ሮሜ 6 መጀመሪያ ላይ ራሱ ያነሳዋል፣ ቲቶ 2፥11-12 ላይ ደግሞ ምኞትን መካድ የሚያስተምረን ያው ጸጋው ነው ይላል። ዮሐንስ 8 ላይ ጌታ በምንዝር ለተያዘችው ሴት መጀመሪያ «እኔም አልፈርድብሽም» አላት፣ ቀጥሎ ነው ደግመሽ ኃጢአት አትሥሪ ያላት። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ኖሮ ሴትየዋ የምትሄድበት አቅም ከየት ታመጣለች? እኔ አራት አመት በፍርሃት ስታገል ባሰብኝ፣ ልጅ መሆኔን ይዤ ስታገል ነው እጄ የላላው። ትግሉ አላለቀም፣ ቅዳሜ ማታ አሁንም ሃሳቡ ይመጣል፣ ስልኬን ሳሎን ትቼ እተኛለሁ።

ባለፈው የልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ባለቤቴ ካርዱን አውጥታ «አንተ ክፈለው» አለችኝ። ከፈልኩና ደረሰኙን አመጣሁላት። ሳታየው አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።