የልጄን ክትትል ያቀናልኝ አንድ ፕሮቲን

ልጄ ገና ጨቅላ ሳለች ጀርባዋና ሆዷ ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች ነበሩ። አማቴ «ማርያም የሳመቻት ናት፤ ምን ያስጨንቅሻል ልጄ?» ይሉኝ ነበር። አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ ኖሮ እኔም በዚያው እረጋ ነበር። ነገር ግን እያደገች ስትሄድ እየበዙ መጡ።

ሐኪሟ መስኮት አጠገብ አቁማ በማስመሪያ ለካቻቸው። ከጉርምስና በፊት ከ5 ሚሊ ሜትር የሚበልጡ ነጠብጣቦች 6 ከደረሱ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 የሚባለው፣ በአንድ ጂን ለውጥ የሚመጣና ነርቮች ላይ ዕባጭ የሚያወጣ በሽታ ይጠረጠራል። ብብቷ ሥር ያሉት ደቃቅ ጠቃጠቆዎች ሲጨመሩ ጥርጣሬው ሐቅ ሆነ። ከዚያ የእኔና የባለቤቴ ቆዳና ዓይን ተመረመረ፤ ምንም አልተገኘም። ከታማሚዎቹ ግማሽ በሚሆኑት ላይ የጂኑ ለውጥ አዲስ የተፈጠረ እንጂ ከወላጅ የወረደ አይደለም። «ከማን ዘር መጣ?» እያሉ ቤተሰብን የሚያመሱ ሰዎች ይህን ቢያውቁልኝ እወዳለሁ።

ጂኑ ኤንኤፍ 1 ይባላል፤ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል፤ ተለይቶ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የሚያሠራው ፕሮቲን ኒውሮፋይብሮሚን ነው። ሴል እንዲባዛ የሚያዝዝ «ራስ» (Ras) የተሰኘ ሌላ ፕሮቲን አለ፤ ኒውሮፋይብሮሚን የእርሱ ፍሬን ነው። እያንዳንዱ ሴል ከእናትና ከአባት የተገኙ ሁለት የጂኑ ቅጂዎች አሉት። የልጄ አንደኛው ቅጂ ከመነሻው ተበላሽቷል፤ ነርቭን በሚሸፍን ሴል ውስጥ ሁለተኛውም ሲበላሽ ዕባጭ ይጀምራል። የት ቦታና መቼ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ለዚህ ነው ሁለት ታማሚዎች የማይመሳሰሉት።

ይህ ሲገባኝ ክትትሉ መልክ ያዘልኝ። በደብተር ላይ የሰውነቷን ቅርጽ ከፊትና ከኋላ ሥዬ ያየሁትን ዕባጭ ሁሉ በቦታው፣ ከልኬቱና ከቀኑ ጋር እጽፋለሁ። የዓይን ነርቭ ዕጢ በብዛት የሚታየው ከ7 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ስለሆነ የዓመቱ የዓይን ምርመራ አይታለፍም። የደም ግፊቷና የጀርባ አጥንቷም ይታያሉ።

ከሁሉ በላይ ያለፋኝ ግን ትምህርቷ ነው። ዕባጭ ለሁሉም ይታያል፤ የትኩረት ችግር ግን ስንፍና ይመስላል። መምህሯ «ደብተርሽን አውጪ፣ ገጽ 40 ግለጪ፣ ጥያቄ 3ን ሥሪ» ስትላት ልጄ ደብተሯን አውጥታ ትቀመጣለች። የመማር ችግር ከታማሚ ልጆች ግማሽ ያህሉን ይነካል። ጂኑ በተነካባቸው አይጦች ላይ የተደረገው ጥናት ምክንያቱን ያሳያል፦ ፍሬን ያጣው «ራስ» ፕሮቲን አንጎል ውስጥ የነርቭ ሴሎችን ሥራ የሚገታውን መልእክት ከልክ በላይ ያበረታል፤ ትውስታም ይዳከማል። ይህን ለመምህሯ በእርጋታ አስረዳኋት። አሁን ትእዛዙን አንድ በአንድ ትሰጣታለች፤ ሰሌዳ ላይም ትጽፍላታለች። ልጄ የቤት ሥራዋን ጨርሳ የምትመጣባቸው ቀናት በዝተዋል።

በስልክ «መድኃኒት ተገኘ» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ በማን ላይ ተሞከረ ብዬ እጠይቃለሁ። ለኮሌስትሮል የሚሰጠው ሎቫስታቲን የአይጦቹን ትምህርት አሻሽሎ ነበር፤ በልጆች ላይ ሲሞከር ግን አልሠራም። በአንጻሩ ሴሉሜቲኒብ የተባለው መድኃኒት ከ«ራስ» ፕሮቲን ቀጥሎ ያለውን የትእዛዝ መስመር ይዘጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የማይችል የነርቭ ዕባጭ ላለባቸው ልጆች ተፈቅዷል። ልጄ ዛሬ አያስፈልጋትም።

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቀጠሮ ሳንጠብቅ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱንን ምልክቶች ጽፌአለሁ፦ በፍጥነት የሚያድግ ወይም የሚጠነክር ዕባጭ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የዕይታ መቀነስ። ገጹን አባቷም አያቷም ያውቁታል።