ሻምበል ከካዛንቺስ

ሻምበል የካዛንቺስ ልጅ ነው። 2017 መግቢያ ላይ ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዉ ዕቃውን ጭኖ ሄደ፣ እሱ ቀረ። በባለቤቶቹ አልፈርድም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የደረሰው ሰው የግቢ ውሻ የት ያስቀምጣል? ያኔ በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ያስታውሳል፤ አንገታቸው ላይ የገመድ ቁራጭ ያለባቸው ውሾች ፍርስራሹ መሀል ይዞሩ ነበር።

ቢሮዬ እዚያው አካባቢ ነው። ጠዋት ከታክሲ ወርጄ ሳልፍ አንድ ቡናማ ውሻ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተኝቶ አየዋለሁ። በሩ የለም፣ አጥሩ የለም፣ ቤቱ የለም። የበሩ ደፍ የነበረች ሲሚንቶ ብቻ ቀርታለች፣ እሷ ላይ ይተኛል። የሳይቱ ጥበቃ ዳቦ ይጥሉለታል። "እየጠበቀ ነው" አሉኝ አንድ ቀን። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ መንገድ ዝም ብሎ ማለፍ አቃተኝ።

እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንኖረው ገርጂ፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነው። አከራያችንን ለማስፈቀድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። "አንቺ ልጅ፣ የሰው ችግር አልበቃሽም?" አሉ። ከዚያ "ቤት ውስጥ እንዳይገባ" አሉ። ከዚያ "የኔን ዕቃ እንዳይነካ"። እሺ፣ እሺ፣ እሺ።

ጥር ላይ አመጣሁት። ላዳዎቹ ውሻ አንጭንም ስላሉ ዕቃ የምትጭን ሱዙኪ ተከራየሁ፤ ከኋላ በሸራ ተሸፍኖ ተጫነ። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ጥርሱን አይቶ ስድስት ሰባት ዓመት ይሆነዋል አለኝ። የእብድ ውሻ ክትባት ተወጋ፣ የትል መድኃኒት ዋጠ፣ ከጆሮው ውስጥ መዥገር ተለቀመለት። እስከዚህ ጎበዝ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ ስህተት ነው። በመጣበት ቀን ማታ አጠብኩት። በማግስቱ ጓደኞቼ ሊያዩት መጡ፣ ተሰብስበው ጭንቅላቱን ዳበሱት፣ ፎቶ ተነሱ። እኔ ፍቅር እየሰጠሁት መስሎኛል። እሱ ግን ጅራቱን እግሩ መሀል ከቶ ግድግዳውን ተደግፎ ያዛጋ ነበር። እንቅልፍ መጣበት ብዬ ሳቅኩ። ውሻ ሲጨንቀውም እንደሚያዛጋ፣ አፍንጫውን ደጋግሞ እንደሚልስ፣ ፊቱን እንደሚያዞር ያኔ አላወቅኩም። ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር የሚሉት ነገር አለ፦ ድንጋጤው እስኪበርድ፣ የቤቱን ሥርዓት እስኪለምድ፣ ቤቴ ነው እስኪል። ልክ እንደ ቀጠሮ ባይሆንም መንፈሱ እውነት ነው። እኔ በሦስተኛው ሰዓት ነበር ጓደኛዬ እንዲሆን የፈለግኩት።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ የምግብ ሳህኑን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ ነከስ አደረገው። ትንሽ ነው፣ አውራ ጣቱ ላይ፣ ግን ደምቷል። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። እኛ ሰፈር ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ያን ቀን ተራችን አልነበረም። እኔ በጆግ እያፈሰስኩ፣ እሱ እያሸ፣ አከራያችን ከላይ ቆመው ደቂቃ እየቆጠሩ አንድ በርሜል ጨረስን። "ጸበል ውሰጂው" አሉኝ። ጸበሉም ይሁን፣ ክትባቱ ግን ይቅደም አልኳቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ከተከተቡ ግን ይዳናል። ውሻው ተከትቧል ብሎ መቀመጥም አይቻልም፣ የሦስት ቀን ክትባት ገና ሥራውን አልጀመረም።

(አዲስ አበባ ያደገ ሰው "ውሻ ነከሰው" ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ፓስተር ነው። ፓስተር ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው ተቋም ስሙን ከቀየረ ስንት ዘመኑ፣ ሰፈሩ ግን ዛሬም ፓስተር ነው። ሉዊ ፓስተር በፈረንጆቹ 1885 ክትባቱን በውሻ ለተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ሲሰጥ ስሙ ጉለሌ ድረስ ይመጣል ብሎ አላሰበም መቼም።)

ወንድሜ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ጀመረ። ውሻውን 10 ቀን አስራችሁ ተከታተሉ ተባልን። 10 ቀን በጤና ከቆየ፣ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። እነዚያ 10 ቀናት ሳላስበው ጠቀሙን። ከልክ በላይ ፈርተነው ስለነበር ማንም አልነካውም። ጠዋት አንድና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳህኑን አስቀምጠን ዞር እንላለን። በቃ።

ስሙንም ያገኘነው ያኔ ነው። ጥበቃው አያውቁትም ነበር። ወንድሜ ጣቱን አስሮ ከሩቅ ቁጢጥ ብሎ የሚያውቀውን የውሻ ስም ሁሉ ይጠራል። ቡቺ። ጃክ። ቦቢ። መቻል። አንበሳ። ምንም የለም። ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፣ አፈርን። "ሻምበል" ሲል ግን ግራ ጆሮው ቀጥ አለ። እንደገና፦ ሻምበል! ጅራቱ መሬቱን አንዴ መታ። አከራያችን በረንዳ ላይ ቡና ሲቆሉ ነበር፣ ማማሰላቸውን አቆሙ። ሟቹ ባለቤታቸው ወታደር እንደነበሩ ስለማውቅ ሆዴ ፈራ። ትንሽ አሰቡና "የኔ ባል ሻለቃ ነበሩ" አሉ። "ሻምበል ከሳቸው በታች ነው። ይጠራ።"

አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ፈታሁት። ያኑለት ማታ የውጭው በር ሳይዘጋ ቀርቶ ወጣ።

የት እንደሄደ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። በማግስቱ ጠዋት ካዛንቺስ ስደርስ ደፉ ላይ ተኝቷል። በሸራ ተሸፍኖ የመጣ ውሻ ቀለበት መንገዱን እንዴት እንዳቋረጠ፣ በመገናኛ ይሁን በቦሌ እንደዞረ፣ እሱና ፈጣሪ ይወቁት። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ይሄኛው የሚጮኽበት በር እንኳ የለውም፣ ሄዶ ይተኛል እንጂ። ሲያየኝ ተነሳ፣ መጥቶ ጉልበቴን አሸተተኝና ተመልሶ ተኛ። ደስ ብሎታል፣ ግን አልሄድም ነው የሚለው።

ውሻው ሲተኛበት የነበረውን ጆንያ ጥበቃው ከዳሳቸው አምጥተው ሰጡኝ። "በእግር ውሰጂው" አሉኝ፣ "መኪና ውስጥ ከተሽ መንገዱን ሰወርሽበት።" ይህ ሳይንስ ይሁን አይሁን ግድ አልሰጠኝም። ከሥራ አስፈቅጄ፣ ጆንያውን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ገመዱን ይዤ ጀመርን። ኡራኤል። 22። መገናኛ። በየመብራት ምሰሶው ይቆማል፣ ያሸታል፣ ይሸናል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ እንቀጥላለን። ሰው ይስቅብናል። ገርጂ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጅቶብናል፣ እግሬ ተልጧል። ጆንያውን ጥግ ላይ አነጠፍኩለት። ሦስት ጊዜ ዞረበትና ተኛ። ከዚያ ወዲህ አልወጣም። አሁን በሩ ተከፍቶ እንኳ ደፉ ላይ ተኝቶ መንገደኛ ያያል።

የቀረው የምግብ ነገር ነው። የኛ ሰው ውሻ የሚያሳድገው በትርፍራፊ ነው፣ ትርፍራፊያችን ደግሞ ወጥ ነው፣ ወጣችን ደግሞ ሽንኩርት ነው። ቀዩም ነጩም ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ ስለዚህ ወጥ የነካ እንጀራ ከለከልኩ። ለፋሲካ የመጣ እንግዳ የዶሮ አጥንት ሲወረውርለት ከአፉ ፈልቅቄ አውጥቻለሁ፤ የበሰለ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። የሚበላው የተቀቀለ ሳንባና ሩዝ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሉካንዳው ለ55 ቀን ስለሚዘጋ ቀድሜ ገዝቼ ፍሪዘር ሞላሁ። አከራያችን ፍሪዘራቸውን ላለማስነካት የተናገሩት ንግግር ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።

በፍልሰታ ግን ከሥራ ስመለስ ግቢው ሳንባ ሳንባ ይሸታል። እሳቸው ናቸው፣ ከሰል አቀጣጥለው፣ እጀታው የተሰበረ አሮጌ ድስት ጥደው። ሻምበል አጠገባቸው ተቀምጧል።

"እትዬ፣ ጾም አይደለም እንዴ?" አልኳቸው።

"እሱ ቆርቧል እንዴ?" አሉኝ፣ ክዳኑን ሳይገልጡ።