2147483647ን በኤክሰል፦ የሦስት ሳምንት ትግል

2147483647 ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) መሆኑን በኤክሰል ለማረጋገጥ ስታገል ከርሜ፣ ትናንት ማታ አምስት ሰዓት ገደማ 30ኛው ረድፍ ላይ ማረጋገጫው ዜሮ ብቅ አለ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት «ምነው፣ ሎተሪ ወጣልህ እንዴ?» አለችኝ።

31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዙና 1 ቀንሱ፤ 2147483647 ይመጣል። ብቸኛ ቁጥር ነው። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በፈረንጆቹ 1772 ያረጋገጠው በእጁ እያካፈለ ነው። አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን እንዳለበት ስለደረሰበት ከ400 ያነሱ ቁጥሮችን መሞከር በቃው። እኔ ከ3 ጀምሬ ጎዶሎዎቹን ሁሉ ስሞክር ሁለት ቀን አቃጠልኩ።

ከዚያ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ብቸኛ መሆናቸውን የሚፈትነውን የሉካስና የሌመርን ዘዴ አገኘሁ። ከ4 ተነስ። በራሱ አባዛ፣ 2 ቀንስ፣ ለምትፈትነው ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ያዝ፣ ድገም። ለ127 በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሠራሁት፦ 4፣ 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0። ዜሮ መጣ፣ ብቸኛ ነው። እንዴት ደስ ይላል!

ለትልቁ ቁጥር ግን ስድስተኛው ረድፍ አንገቴን አስደፋኝ። አምስተኛው 1416317954 ነው። በራሱ ሲባዛ 19 አሃዝ ይሆናል፤ ኤክሰል የሚይዘው 15 ብቻ ነው። የቀሩት አሃዞች ዜሮ ይሆናሉ፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ቆሻሻ ነው። ስንት ዓመት ሒሳብ ሠርቼበት ይህን አለማወቄ የራሴ ጥፋት ነው። ቀመሩን አሥር ጊዜ ደጋግሜ ጻፍኩት፣ ለካ ቀመሩ ምንም አልሆነም።

መፍትሔው የመጣው ከልጄ የቤት ሥራ ነው። አሥሩንና አንዱን ለይታ ስታባዛ አየሁ። እኔም ቁጥሩን ለ65536 አካፍዬ ድርሻውን ሀ፣ ቀሪውን ለ አልኩት። 65536 በራሱ ተባዝቶ ለ2147483647 ሲካፈል ቀሪው 2 ብቻ ነው። ስለዚህ 2 × ሀ × ሀ፣ ሲደመር 131072 × ሀ × ለ፣ ሲደመር ለ × ለ፣ ሲቀነስ 2። ከ15 አሃዝ አያልፍም። አለቀ።

አንድ ምክር፦ 30ኛው ረድፍ ላይ ቁሙ። እኔ መጀመሪያ 31ኛውን አይቼ 2147483645 ሲል ተበላሸ ብዬ ሁሉንም አጥፍቼዋለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮች ከፈረንጆቹ 1970 ጀምሮ ሰከንድ የሚቆጥሩት እስከዚህ ቁጥር ድረስ ነው። የሚሞላው በእኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። ጥምቀት! ከዚያ ሰዓታቸው ወደ ፈረንጆቹ 1901 ይመለሳል።

«ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተማር፣ ሦስት መስመር ነው» የምትሉኝ አላችሁ። መልሱን ማሽኑ ከነገረኝ እኔ ምን ተማርኩ? እላችሁ ነበር። ቀጣዩ እንዲህ ያለ ብቸኛ ቁጥር ግን 61 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚመጣው ነው፤ ራሱ ቁጥሩ 19 አሃዝ ስለሆነ ሴል ውስጥ እንኳ አይገባም። ዛሬ ጠዋት ፓይተን አውርጃለሁ። አትሳቁ።